ባህሩን ልነግረው የነበረው ሰው

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሩት የልብስ ማስጫ ገመድ ልትገዛልኝ ይዛኝ ወጣች። አሁን የምኖረው ዴንቨር አጠገብ ሴንቴኒያል፣ እሷ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ማድረቂያ ማሽን እያለ ገመድ ምን ያደርግልሻል ብላ መንገዱን ሙሉ ስታጉረመርም ነበር። ማሽን ውስጥ የደረቀ ልብስ ፀሐይ ፀሐይ አይልም ብያት ተውኩት፤ በዚህ ዕድሜ ሁሉንም ነገር ማስረዳት ይደክማል። ገመዱ ከሱቁ ኋላ በትልልቅ ጥቅልል ተሰቅሏል። ከመካከላቸው አንዱ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ነበር። ጠጋ ብዬ አሸተትኩትና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሩት "ማም፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ውሸቴን ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም አላስካ ጠረፍ ላይ የተሳፈርኩባት ያቺ ባለ ሸራ ትንሽ መርከብ ትዝ ብላኝ ነበር፤ ወንድሜ ሞቶ፣ መርከቧ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እያወቀ፣ እኔ ብቻ ሳላውቅ የከረምኩባት።

ያን ጊዜ የምንኖረው አውሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ፣ ሊፍት የሌለው አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ከታች ጥጉ ላይ ጎማ ቤት፣ ከጎኑ ላውንደሪ፣ ከላውንደሪው አጠገብ ደግሞ የስልክ ካርድ የምንገዛባት ጠባብ ሱቅ ነበረች። የዛሬ ልጆች የስልክ ካርድ ምን እንደሆነ አያውቁም። አንበሳ ወይ ንስር የተሣለበት የአምስት ዶላር ካርድ፣ ጀርባው በሳንቲም የሚፋቅ። የተጻፈበት ደቂቃና የሚሰጠው ደቂቃ ለየቅል ነው፤ ጤናውን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን ጠይቀን ወደ ቁም ነገሩ ስንገባ ቀጥ ይላል። ቤንዚን ጋሎኑ ሁለት ዶላር አለፈ ብለን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመን እንደ ጉድ የምናወራበት ዘመን ነበር። ባሌ ግርማ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሰው የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ መኪናችንን እያጠበ መዝሙር በካሴት ይሰማል። ሲዲ ከመጣ ቆይቶ ነበር፣ መኪናችን ግን ወሬው አልደረሳትም። ሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ ወገቡ ከእምብርት በታች የሚውል ጂንስ ለብሳ ስትወጣ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። አሁን እሷ ልጇን ስለ አለባበስ ስትቆጣ ከምድር ቤት ሆኜ እሰማለሁ።

እኔ የምሠራው ሎውሪ፣ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ አዛውንት ቤት ነበር። ሎውሪ የአየር ኃይል ሰፈር በነበረበት ዘመን እዚያው አስተማሪ ነበሩ። ሰፈሩ ተዘግቶ ቦታው መኖሪያ ቤት ሲሆን ከእነዚያ ቤቶች አንዱን ገዝተው ገቡ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በባለ ጎማ ምርኩዝ ነው የሚሄዱት፣ ደረጃ ጨርሶ አይወጡም። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብለን የሰው ቤት ሲሠራ እናያለን። የተወለዱት አላስካ ጠረፍ ላይ ነው፤ አባታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ዳን የሚባል የወንድማቸው ልጅ እዚያ ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ አለችው፤ በበጋ ጥቂት እንግዶች እየጫነ ጠረፉን ያዞራል። መቆም ሳያቅታቸው አንዴ ያንን ጠረፍ ማየት ፈለጉ። ሐኪማቸው ረዳት ካለ ይሂዱ አለ። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው "አስካለ ካልመጣች አልሄድም" ብለው ቁጭ አሉ፤ ልክ እንደ ሕፃን።

እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ይመር ደሴ ላይ በኩላሊት ታሞ ተኝቷል። አባታችን ሲሞት እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ፀጉሬን ሳይቀር ይሠራልኝ ነበር፣ በጣም አጣሞ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሰሌዳ ላይ ባሕረ ሰላጤና ወሽመጥ ሲሥል ኖሮ አንድም ቀን ባህር አላየም። ለመስከረም ልሄድለት ትኬት ቆርጬአለሁ። ስለ መርከቡ ስነግረው ለእሱ ብዬ እቀራለሁ የምል መስሎት ተቆጣኝ። "ሂጂ እንጂ። ሳላየው ነው ስንቱን ልጅ ያስተማርኩት። ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል እያልኩ ስንት ጊዜ ፈተና አውጥቻለሁ። እውነት መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ ትነግሪኛለሽ" አለኝ። በስልክ ልንገርህ ስለው "በስልክ አልፈልግም፤ እዚህ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለሽ ነው የምትነግሪኝ" አለ። ካርዱ እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።

ለጉዞው ቢጫ የዝናብ ካፖርት ከሰልባጅ ቤት ገዛሁ፤ የወንድ ነበር፣ እጄ ውስጡ ጠፋ። የሐይቅ ውሃ እንጂ ባህር አላውቅም። መርከብ ሲሉኝ ትልቅ የብረት ሕንፃ ነበር የጠበቅኩት፤ ያቺ መርከብ ግን እንጨት፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ያነሰች፣ ገመድ በገመድ የሆነች ነበረች። እንግዶቹ እኛና ሁለት ባልና ሚስቶች ብቻ ነን። ዳን ጢሙ እንደ ቀበሮ የቀላ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ መልህቁንም መሪውንም ወጡንም እሱ። የመጀመሪያውን ቀን ያስታወክኩትን ትቼዋለሁ። ሚስተር ዋልተር፣ ሎውሪ ላይ ሸሚዝ መቆለፍ የሚያቅታቸው ሰውዬ፣ ምሰሶውን ተደግፈው ቆመው በንፋሱ ይስቁ ነበር። እኔ ባልዲ ታቅፌ ነበር።

በማግስቱ ቀና ስል ያየሁትን እስከ ዛሬ በቃል መንገር ያቅተኛል። ተራራው ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሜዳ የለ፣ ዳገት የለ፣ ድንጋይና ጥድ ብቻ። ከላይ በረዶ ነው፣ ከመካከል ደመና፣ ከታች ጥቁር ውሃ። ዝናቡ አይጥልም፣ አያባራም፣ እንዲሁ ላያችን ላይ ይውላል። ዳን ሞተሩን አጥፍቶ ሸራውን ሲዘረጋ የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለጋሼ የምነግረውን በሆዴ ማጠራቀም ጀመርኩ። ድንጋይ ላይ ተጋድሞ የሚያገሣውን የባህር አንበሳ ለእሱ፣ እንደ ነጎድጓድ እየጮኸ ባህር ውስጥ የሚፈርሰውን የበረዶ ግድግዳ ለእሱ። መልህቅ በጣልንባት አንዲት ጠባብ ወሽመጥ ደግሞ የጠየቀኝን ነገር አገኘሁ። ጠዋት ስነሳ ከጎናችን ቤት የሚያህል ድንጋይ ቆሟል፤ ባለ አምስት እግር ኮከብ የመሰሉ ፍጥረቶች እስከ አናቱ ተለጥፈውበታል። ለምሳ ስወጣ ድንጋዩ የለም። ውሃው ውጦታል። ማታ ላይ እንደገና ወጣ። ብቻዬን እንደ እብድ አጨበጨብኩ። ጋሼ አልዋሸም፣ ተማሪዎቹን አልዋሸም።

እንግዲህ ያንለት ነው፣ እኔ ከታች ዕቃ ሳጥብ፣ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠው የዳን የሳተላይት ስልክ የጮኸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። የደወለው ግርማ ነበር። አጠገቡ ጎረቤታችን አቶ ተስፋይ ነበሩ፤ ታክሲ የሚነዱ፣ አማርኛን አስመራ ትምህርት ቤት የተማሩና ከእኛ በላይ አጣርተው የሚናገሩ ሽማግሌ። ጋሼ ይመር ማረፉን ከደሴ ሰምተዋል። ግርማ ለዳን ነገሩን ነገረውና "እንዳትነግሯት" አለው። ዳን አልገባውም። ስልኩን ለሚስተር ዋልተር ሰጣቸው፤ እሳቸውም አልገባቸውም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም፤ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ በልቶ፣ አድሮ፣ ጠዋት ወዳጅ ዘመድ ከብቦት ነው የሚረዳው። ይህን በሻትል ሹፌር እንግሊዝኛ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ግርማ ቢቸግረው ስልኩን ለአቶ ተስፋይ ሰጠ። እሳቸውም "ሚስተር፣ ይቺ ልጅ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል" አሏቸው። ሚስተር ዋልተር "እኔ አለሁ" አሉ። አቶ ተስፋይ "እርስዎ አንድ ነዎት" አሉ። ሰውዬው መርከቧ ላይ ያለነውን በዓይናቸው ቆጥረው፣ "ልክ ነህ፣ አንበቃትም" አሉ። እንዲህ ሆኖ የመርከቧ ሰው ሁሉ በእኛ ወግ ታሰረ።

እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ሚስተር ዋልተር በድንገት ጫማዬን አታስሪልኝ አሉኝ፤ ራሴ አስረዋለሁ ብለው ግማሽ ሰዓት ታገሉ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሻይ አፍልተው፣ ግማሹን ወለሉ ላይ ደፍተው፣ ግማሹን አመጡልኝ። ሊያሰናብቱኝ ነው፣ ወይ ደግሞ ሊሞቱ ነው ብዬ ሰጋሁ። ዳን ዕቃውን ከእጄ ነጠቀኝ። እንግዶቹ ሴቶች ሳልፍ ትከሻዬን ይነኩኛል። አሜሪካኖች ባህር ላይ ሲሆኑ ይለሰልሳሉ መሰለኝ።

በማግስቱ ለውሃ ብለን ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ቆምን። የሕዝብ ስልክ አገኘሁና ለግርማ ደወልኩ። "ጋሼስ?" አልኩት። ግርማ ውሸት አያውቅም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ሲዋሽ ያበዛል። "ኧረ ተሽሎታል። ትናንት ቼክ አድርጌያለሁ፣ ምግብ መብላት ጀምሯል። ሾርባ ጠጣ አሉ" አለኝ። ሩትን አገናኘኝ ስለው ላይብረሪ ድሮፕ አድርጌያት መጣሁ አለ። አጠገቡ ቆማ ነበር። ድምፄን ብትሰማ ታለቅሳለች ብለው አፏን ይዘዋት ነበር።

እየሮጥኩ ነው ወደ መርከቧ የተመለስኩት። ሁሉም ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠው ነበር። አፌን ሞልቼ "ወንድሜ ተሽሎታል፣ ምግብ በላ" አልኳቸው። ዳን ማንኪያውን አስቀመጠ። አንደኛዋ ሴትዮ "ጥሩ ዜና ነው" አለችኝ፣ ከዚያ አመመኝ ብላ ተነስታ ወረደች። ሚስተር ዋልተር እጃቸውን ዘርግተው የእኔን ያዙ። ደስ ብሎኝ ልብ አላልኩትም። ያንለት ዕቃ እያጠብኩ መዝሙር ዘመርኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አንድ ሰው ቆጣ ቢለኝ ምናለበት። ሁሉም ቁጭ ብለው አዳመጡኝ።

ከዚያ በኋላ ከእራት ስንነሳ ሚስተር ዋልተር ውጭ አግዳሚው ላይ ያስቀምጡኝ ጀመር። በዚያ ወቅት እዚያ አገር ፀሐይ አትጠልቅም ማለት ይቻላል። "ዛሬ ለወንድምሽ ምን አገኘሽለት?" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ስንተባተብ አይተው "እንደዚህ አይደለም የምትነግሪው። ለእሱ እንደምትነግሪው ንገሪኝ፣ በራሳችሁ ቋንቋ" አሉኝ። አፈርኩ። ግን ፊቴን ወደ ባህሩ አዙሬ ጀመርኩ። "ጋሼ፣ ያልከው እውነት ነው። ቤት የሚያህል ድንጋይ ጠዋት ታየዋለህ፣ ቀትር ላይ የለም፣ ማታ ይመለሳል። ማንም አይነካው፣ ውሃው ራሱ ነው ሞልቶ የሚሄደው። ደግሞ ባህር ይጮኻል ብለህ ታስተምር የለ፣ ወሽመጡ ውስጥ አይጮኽም፤ እንደተኛ ሰው ነው የሚተነፍሰው። አንተ ብታየው ጠመኔህን ይዘህ ከዚህ አትነሳም ነበር።" ብዙ አወራሁ። አንዲት ቃል የማይሰሙት ሰውዬ ሳያቋርጡ አስጨረሱኝ። ዘወር ስል ፊታቸው ርሷል። ንፋሱ ነው ብዬ በካፖርቴ እጅጌ ጠረግኩላቸው።

ዴንቨር የገባነው ከሰዓት ነው። ግርማና አቶ ተስፋይ ኤርፖርት ቆመው ጠበቁን፤ ሁለቱም ያለ ወትሯቸው ያሾፋሉ፣ ይስቃሉ፣ ሻንጣዬን ይሻማሉ። አቶ ተስፋይ ካፖርቴን አይተው "መርከበኛዋ መጣች" አሉኝ። ቤት ስገባ ምግብ ቀርቧል። ብይ፣ ጨምሪ፣ ደክሞሻል ተኚ። ሩት ሰላም ብላኝ መኝታ ቤቷ ገባች፤ ፊቷን አላየሁትም። ዛሬ ማንም ሰው ሲያደርገው ባይ ገና ከበሩ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን የመርከቡን ወሬ እያወራሁ በላሁ፣ ተኛሁም።

ጠዋት ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ግርማ ለብሶ ቁጭ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ፓስተራችን ከፊት፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከኋላ፣ ደረጃው ሞልቷል። ክፉ ነገር አልታሰበኝም፤ ለጸሎት የመጡ መሰለኝ። ከዚያ ዓይኔ በፓስተሩ ትከሻ ላይ አለፈ። ሚስተር ዋልተር ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመዋል። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። አቶ ተስፋይ በአንድ በኩል፣ አንድ ጎረምሳ በሌላ በኩል ደግፏቸዋል፤ ላባቸው ይንጠባጠባል። ደረጃ የማይወጡት ሰውዬ በዚያ ሌሊት ከሎውሪ መጥተው ሁለተኛ ፎቅ ወጥተዋል። "ጋሼ" አልኩና ወደቅኩ። እውነትም የሚይዘኝ ሰው ነበረ።

ለቅሶ ለቀናት ተቀመጥን። ሚስተር ዋልተር በየቀኑ ደረጃውን ይወጡ ነበር። ወንበር ሲያቀርቡላቸው እምቢ ብለው ፍራሹ ላይ እንደኛ ተቀመጡ፤ ሲነሱ አራት ሰው ያነሳቸው ነበር። ሩት ግን ከአባቷ ጋር ተጣላች። "ዳድ፣ ሾርባ ጠጣ አልካት። ሺ ወዝ ሶ ሃፒ። ያ እኮ ውሸት ነው፣ ኢትስ ኖት ፌር" ብላ አለቀሰች። ግርማ "ወጋችን ነው" ብቻ አለ። ማን ልክ እንደነበር እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። አንዳንዴ ግርማን፣ ነፍሱ ከአምላኩ ጋር ናትና፣ በልቤ እወቅሰዋለሁ፤ የዘመርኩት መዝሙር ያቃጥለኛል። አንዳንዴ ደግሞ እዚያ ባህር ላይ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ኖሮ ብዬ አስብና እፈራለሁ። ሚስተር ዋልተርን አንድ ቀን ስላጫቸው "ለምን አልነገሩኝም?" ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። "በየቀኑ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ አየር ኃይልም አልሰጠኝ" አሉኝ። ሳሙናው ፊታቸው ላይ እንዳለ ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ ምላጩን አነሳሁ።

ሚስተር ዋልተር የሞቱት ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይተው፣ ሎውሪ፣ አልጋቸው ላይ፣ ጠዋት ነው። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር፤ መጨረሻ ላይ አልተንቀጠቀጠም። የመጣችው ነርስ የምትሠራውን ሠርታ "ቤተሰብ አላቸው? እኔ ልደውል?" አለችኝ። እኔ እደውላለሁ አልኳት። ያላቸው ዳን ብቻ ነው። ወቅቱ በጋ ነበር፤ ዳን መርከቧ ላይ ይሆናል። ሩት ያን ጊዜ ኮሌጅ ገብታለች፤ ብትሰማኝ "ጀስት ቴል ሂም" ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ። እኔም ልነግረው ቆርጬ ነበር። የሳተላይቱን ቁጥር ደወልኩ። ንፋስ ተሰማኝ፣ ከዚያ የእሱ ድምፅ።

"ዳን፣ አስካለ ነኝ። የት ነህ?" አልኩት።

"ውሃ ላይ" አለኝ። "እንግዶቹን ትናንት አውርጄ እየተመለስኩ ነው።"

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ዳን፣ አጠገብህ ማን አለ?" አልኩት።

ንፋሱ ብቻ ቀረ። የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"አስካለ" አለኝ ቆይቶ፣ በዝግታ፣ "አሁን ምንም አትበዪኝ። ከሰዓት ወደብ እገባለሁ፤ ሚስቴ ትጠብቀኛለች። ያኔ ደውዪልኝ።"

"እሺ" አልኩት።

ሁለታችንም ግን ስልኩን አልዘጋነውም።